የጋሽ ጫኔ ስድስተኛ ጨርቅ

አንድ ታሪክ አለኝ፣ ሳልነግራችሁ ብቀር ውስጤ አይቀመጥም። ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም፣ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፣ ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፍላችሁ። ሰው የነገረኝን አይደለም፣ እዛው ቆሜ ያየሁትን ነው።

አርሴማ እባላለሁ። ሞላሌ ላይ፣ መኪኖች የሚቆሙበት ሜዳ ዳር፣ የሞተር ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ ፊልትሮ፣ አምፖል ምናምን እሸጣለሁ። ሱቄ ቆርቆሮ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ውስጡ ከውጭው ይበርዳል። ሞተር እወዳለሁ። ሴት ልጅ ሞተር ምን ያደርግላታል የሚሉኝ አሉ፣ ይበሉ፤ እኔ ኮፈን ተከፍቶ ካየሁ እግሬ ራሱ ነው የሚወስደኝ። ከሱቄ አጥር ወዲያ ደሞ ጋሽ ጫኔ ስላሉ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ ኮፈን ይከፈታል።

ጋሽ ጫኔ ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፣ ሞተር ማጠብ። ጎማና ቦዲ አያጥቡም። "እሱን ዝናብም ያጥበዋል" ነው የሚሉት።

እናንተ አስፋልት ላይ የምትኖሩ የኛ አገር ሞተር እንዴት እንደሚቆሽሽ አታውቁም። በጋ አቧራው ዱቄት ነው። ከሞተሩ ትንሽ ዘይት ካላበ አቧራው እላዩ ላይ ይቦካል፣ ከዛ ሙቀቱ ይጋግረዋል፣ በማንኪያ እንኳን አይነሳም። ክረምት ጭቃው አለ። ከሁሉ ግን ብርዱ። ጓሳ በኩል፣ ከኛም በሚበርደው ደጋ ላይ የሚያድር ሹፌር ጠዋት እንዲነሳለት ብሎ ሞተሩ ላይ አሮጌ ባና ደርቦለት ነው የሚተኛው። ባና እንግዲህ የበግ ፀጉር ነው፣ እኛም እሱኑ ለብሰን ነው የምናድረው፣ ፀጉሩን እያራገፈ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። አይጥም ሙቀት ትወዳለች። የጓሳ ሳር፣ የገብስ ጭድ እየጎተተች ባትሪው ሥር ጎጆዋን ትሠራለች። አስቡት፣ ዘይት፣ ጭድ፣ ፀጉር፣ ከጎኑ ደሞ እሳት የሚመስል የጭስ ቧንቧ። አንድ ቀን ይያያዛል።

ለዚህ ነው ሹፌሩ ሁሉ ጋሽ ጫኔ ጋ የሚመጣው። እየተነጫነጨም ቢሆን ይመጣል፣ ምክንያቱም እሳቸው አይቸኩሉም። ምንይሉ የሚባል የአይሱዙ ሹፌር አለ፣ አፉ አያርፍም። አንድ ቀን ከመሐል ሜዳ በግ ጭኖ መጥቶ፣ ሞተሩ ገና እየነደደ፣ "ጋሼ፣ ቶሎ ውኃ ልቀቁበትና ልሂድ" አላቸው።

እሳቸው እጃቸውን ኮፈኑ ላይ አሳርፈው አነሱ። "ሂድና ምሳህን ብላ።"

"በልቻለሁ።"

"እንግዲያው ድገም። የጋለ ብረት ላይ የሞላሌ ውኃ ባፈስበት ይሰነጠቅብሃል።"

"አርሴማ፣ ትሰሚያለሽ?" አለኝ ምንይሉ። "ቅዳሴ እንኳን ከሳቸው እጥበት ይፈጥናል። በጎቼ እዚህ ሊወልዱ ነው።"

"አንተ ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚያልቅ በምን አወቅህ?" አሉት ጋሽ ጫኔ። ሜዳው ሁሉ ሳቀበት፣ እሱም ሳቀ፣ ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀ።

ከሁሉም የሚያስገርመው ግን ቆጠራቸው ነው። ጋሽ ጫኔ ውኃ ሊነካው የማይገባውን ነገር ሁሉ በፌስታል ይሸፍናሉ። ዲናሞውን፣ የፊውዙን ሳጥን፣ ሞተሩ አየር የሚስብበትን፣ እነዚህን ሁሉ በፌስታል ጠቅልለው በጎማ ክር ያስራሉ። ሲያስገቡ ጮክ ብለው ይቆጥራሉ። "አንድ ፌስታል። ሁለት ፌስታል።" ለማድረቂያ የሚይዟቸውን ጨርቆችም እንደዛው። ባለመኪናው አጠገባቸው ቆሞ አብሯቸው ካልቆጠረ አይጀምሩም። ሲጨርሱ የገባው ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ እንደገና ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ ኮፈኑ አይዘጋም፣ መኪናው አይነሳም። እኔ ጠንቃቃነት ነው እል ነበር። እርጅና ነው የሚሉም ነበሩ።

ባለቤታቸው እትዬ አልጣሽ አንዳንዴ ሱቄ በረንዳ ላይ ቁጭ ይላሉ። አንድ ቀን እየፈተሉ፣ "እኔና እሱ ልጆቻችንን ድረናል፣ ቀሪው መቁረብ ነበር" አሉኝ። እኛ ጋ ባልና ሚስት ሲያረጁ አብረው ይቆርባሉ፣ አንዱ ብቻውን አይቆርብም። "እንቁረብ ስለው 'ቆይ' ይለኛል። ይሄው ሰባት ዓመት ቆይ።" እሳቸውም ለምን እንደሆነ አያውቁም ነበር።

እንግዲህ የዛሬ ሰባት ዓመቱን ልንገራችሁ። ያኔ አስራ ስድስት ዓመቴ ነው። ፍቅረ ሥላሴ የሚባል ልጅ ነበር፣ ሁላችንም ፍቅሬ ነው የምንለው፣ ከሞላሌ ዘመሮና መሐል ሜዳ በፒክአፕ ሰውም እህልም የሚያመላልስ። ገና እንዳገባ ነው። አንድ ቀን ሁለት በግና የገብስ ዱቄት ጭኖ ወደ መሐል ሜዳ ሲሄድ፣ ዳገቱ ላይ ከኮፈኑ ሥር ጭስ ወጣ። ወርዶ ኮፈኑን በእጁ ሲከፍተው እሳቱ ወጣበት። ገበሬዎች አፈር እየረጩ ሊያጠፉት ሞከሩ፣ አልቻሉም። መኪናው ነደደ፣ በጎቹ እንደታሰሩ ነደዱ። የፍቅሬ ግራ እጅ ተቃጠለ፣ ዛሬም ሁለቱ ጣቶቹ አይታጠፉም።

ሰው ምክንያት ሳያገኝ አያድርም። ታዲዮስ የሚባል ኤሌክትሪሺያን ነበር፣ የፍቅሬ ጓደኛ፣ የሠርጉ ሚዜ። መኪናው ከመቃጠሉ ሁለት ቀን በፊት የፊት መብራቱን ሽቦ የቀየረለት እሱ ነው። ስለዚህ ሽቦ ተገናኝቶ ነው ተባለ። ታዲዮስ ነው ተባለ። በቃ። ፍቅሬ ከሆስፒታል ሲወጣ ወሬው አልቆ ነበር የጠበቀው፣ ሚዜውን ዓይኑን ማየት አልፈለገም። ለታዲዮስ መኪና የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ስድስት ወር ቆይቶ ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ። እኔም ብዬዋለሁ፣ አልዋሻችሁም። "ታዲዮስ ያቃጠለው መኪና" እያልኩ ስንቴ አውርቻለሁ።

ፍቅሬም ሌላ አገር ሄዶ የሰው መኪና ሲነዳ ከርሞ፣ ዘንድሮ የራሱን አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ ተመለሰ። ዐቢይ ጾም ነው። ማክሰኞ ቀን ጠዋት ሜዳው ላይ አቁሞ ወረደ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ከዛ በላይ ግን ይመስላል።

"ጋሽ ጫኔ፣ እንደምን ሰነበቱ" አላቸው። "ከነገ ወዲያ ለቦሎ ምርመራ አቀርበዋለሁ፣ ሞተሩን ይመልከቱልኝ። ይቺን መኪና ከእርስዎ በቀር ማንም አይነካትም ብያለሁ።"

ጋሽ ጫኔ ጀሪካን ይዘው ነበር። ጀሪካኑን አስቀመጡት። "ሌሎችም የሚያጥቡ አሉ እኮ" አሉት።

"አሉ። እኔ ግን እርስዎን ነው የማምነው።"

ጋሽ ጫኔ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። "ይቀዝቅዝ" ብቻ አሉና ገብተው ተቀመጡ።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዛ ኮፈኑ ተከፈተ፣ እኔም እንደልማዴ አጥሩ ላይ ተደገፍኩ። መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ ገመድ ፈትተው ወደ ጎን አጠፉት። ቀጥሎ የደረቁ ሥራ፣ ያለ ውኃ። ጭዱን፣ የአይጧን ጎጆ፣ የባናውን ፀጉር በእጃቸው እየለቀሙ በጆንያ አጠራቀሙ። "ይሄ ረጥቦ ከተጣበቀ አይወጣም" አሉት ፍቅሬን። ከዛ ፌስታሉ። ስድስት ፌስታል ገባ፣ ፍቅሬም አብሮ ቆጠረ። ከዛ ጨርቁ። ስምንት ጨርቅ።

ናፍጣ አይነኩም። ሌላ ቦታ ሞተር በናፍጣ ወይ በቤንዚን ነው የሚታጠበው፣ ቆሻሻውን ቶሎ ይፈታዋላ። እሳቸው ከመርሐቤቴ የሚያስመጡትን ደረቅ እንዶድ ወቅጠው፣ ከዱቄት ሳሙና ጋር ለብ ባለ ውኃ ይመቱታል። አረፋውን በጓሳ ሳር ብሩሽ ይቀቡታል፣ ብሩሹን ራሳቸው ናቸው የሚያስሩት። አሥር ደቂቃ ይተውታል። ከዛ ክዳኑ የተበሳሳ ጀሪካን ዘቅዝቀው እንደ ካፊያ ያወርዱበታል፣ በኃይል አይረጩም። ጥቁሩ ውኃ ወደ ወንዙ እንዳይሄድ አመድ ወደተሞላ ጉድጓድ ቦይ ቀደውለታል። እኔ ይሄን ስንቴ እንዳየሁት፣ አይሰለቸኝም። ብረቱ ከዛ ጥቁር ነገር ሥር ቀስ እያለ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ደስ ይላል።

ማድረቅ ጀመሩ። ፍቅሬ በማይታጠፉት ሁለት ጣቶቹ መካከል ሲጋራ ሳይለኩስ ይዞ ያያቸዋል። ወሬ ለማድረግ ያህል ነው መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ ይሄን ቆጠራ ከየት አመጡት?" አለ። "ያኔ የኔን ሲያጥቡ እንደዚህ አይቆጥሩም ነበር።"

"አልቆጥርም ነበር።"

"ምን አስጀመርዎት?"

ጋሽ ጫኔ ጨርቁን ጨመቁት። "ያንተ መኪና።"

ፍቅሬ ሳቀ። "ምነው፣ የኔ ላይ ጨርቅ ጠፋብዎት እንዴ?"

"አዎ" አሉ።

ፍቅሬ ሳቁን አልጨረሰውም። ከሞተሩ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማኛል።

"ምን አሉኝ?"

"በዚያ ጠዋት ያጠብኩልህ እኔ ነኝ፣ ታስታውሳለህ" አሉ ጋሽ ጫኔ። ፊታቸውን ከሞተሩ አላነሱም። "በናፍጣ ነው ያጠብኩት። ያኔ በናፍጣ ነበር የማጥበው። አንድ አሮጌ ባና ስድስት ቦታ ቀድጄ ለማድረቂያ ይዤ ነበር። አንተ ጭነት ይጠብቀኛል ብለህ ቸኮልክ፣ እኔም ቸኮልኩ። ናፍጣ የጠጣውን አንዱን ቁራጭ ከዲናሞው ወደ ኋላ፣ የጭስ ቧንቧው አጠገብ ሸጉጬ፣ እመለስበታለሁ ብዬ፣ ኮፈኑን ዘጋሁልህ። ወደ ማታ ጨርቆቹን አጥሩ ላይ ላሰጣ ስል አምስት ሆኑ። እየፈለግኩ እያለሁ ነው መኪናህ መቃጠሉን የነገሩኝ።"

ፍቅሬ የማይታጠፉ ጣቶቹን አየ።

"በማግሥቱ ልነግርህ ነበር፣ ሆስፒታል ነበርክ። በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ ታዲዮስ አለ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን ደግሞ ትናንት ለምን አልተናገርክም እባላለሁ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቀኑ ራሱ በሩን ዘጋብኝ። ለንስሐ አባቴ ለአባ አትናቴዎስ ተናግሬያለሁ። እሳቸውም 'መጀመሪያ ከሰውየው ጋር ሳትታረቅ ወደ ሥጋ ወደሙ አትቅረብ' አሉኝ። አንተ ደሞ አገር ለቀህ ነበር።"

"ታዲዮስ ግን አልራቀም ነበር" አለ ፍቅሬ ቀስ ብሎ።

"አልራቀም።"

"ደብረ ብርሃን ምን ያህል መንገድ ነው፣ ጋሼ?"

ጋሽ ጫኔ የጨመቁትን ጨርቅ እንደገና ጨመቁት።

ፍቅሬ ሲጋራውን ሰብሮ ጣለው። "እኔ የታዲዮስ እናት ስትሞት ቀብር አልሄድኩም። ገባዎት? ሚዜዬ እናቱን ሲቀብር እኔ ገና አገር ሳልለቅ፣ ዘመሮ በር ዘግቼ ተቀምጬ ነበር። መንገድ ላይ ሰላም ብሎኝ አልፌዋለሁ። ባለቤቴ 'አንድ ጊዜ እንኳን ጠይቀው' ስትለኝ እሷ ላይ ጮኬባታለሁ።"

"ልትመታኝ ከፈለግክ እዚሁ ነኝ።"

"እርስዎን መትቼ ምን ላገኝ ነው?" አለና ወደ መኪናው ሄደ። ኮፈኑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ። "ይግቡ። አሁኑኑ ታዲዮስ ጋ እንሄዳለን።"

ጋሽ ጫኔ ኮፈኑን ያዙት። "አልደረቀም።"

"አሁን ስለ ሞተር ነው የሚያወሩኝ?"

"አዎ፣ ስለ ሞተር ነው። ፌስታሉ ገና ውስጥ ነው። ያኔ ቸኩዬ ነው፣ አሁን አልቸኩልም። ከፈለግህ ከዛ በኋላ ገደል ጨምረኝ።"

ሁለቱም ኮፈኑን እንደያዙ ቆሙ። እኔ አጥሩን ለቅቄ መጥቻለሁ፣ መቼ እንደመጣሁ አላውቅም። ፍቅሬ ቀድሞ ለቀቀ። ጋሽ ጫኔ ማድረቃቸውን ቀጠሉ፣ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ፣ የፊውዙን ሳጥን ዙሪያ፣ ሽቦ የሚገናኝበትን ሁሉ። ሲጨርሱ ፌስታሉን ፈትተው መሬት ላይ ደረደሩት። አንድ፣ ሁለት፣ ብለው ጀመሩና ሦስት ላይ ቆሙ። ፍቅሬ ነው የጨረሰው። "አራት። አምስት። ስድስት።" ጨርቁንም እሱ ቆጠረ፣ ስምንት። ባትሪው ታሰረ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ኮፈኑ ክፍት እንደሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ሠራ፣ እንፋሎቱ ወጥቶ እስኪያልቅ።

ከዛ ፍቅሬ ወደ እኔ ዞሮ፣ "አንቺ ሰምተሻል" አለኝ። "ነገ 'እንዲህ አላልኩም' ቢሉ ሰው ያስፈልገኛል። ሱቅሽን ዝጊና ግቢ።"

"አልልም" አሉ ጋሽ ጫኔ። "ቢሆንም ትምጣ።"

እትዬ አልጣሽ በረንዳዬ ላይ ነበሩ፣ እንዝርቱ እግራቸው ሥር ወድቋል። ሁሉንም ሰምተዋል። ባላቸው ሲያልፉ ቀና ብለው አዩዋቸውና፣ "ሂድ" ብቻ አሉ።

መሃላቸው ተቀመጥኩ። እኔ ወሬ ሳልጀምር አንድ ኪሎ ሜትር የማልሄድ ሰው፣ ያን ሁሉ መንገድ አፌ ተቆልፎ ሄድኩ። ወደ ጣርማ በር የሚወስደው ዳገት ላይ ከኮፈኑ ጫፍ ቀጭን ጭስ መሰል ነገር ወጣ። ፍቅሬ ዳር አቆመ። የጋሽ ጫኔ እጅ በሩ ላይ ነበር፣ መክፈት ግን አቃታቸው። ፍቅሬ ወርዶ፣ ራሱን ወደ ጎን አድርጎ፣ ኮፈኑን በዛች በተቃጠለች እጁ ቀስ ብሎ ከፈተ። የቀረ ውኃ ነው፣ የሆነ ጥግ ላይ ተደብቆ ቆይቶ አሁን የደረቀ። ኮፈኑን ዘግቶ ሲመለስ፣ "ውኃ ነው" አለ። ጋሽ ጫኔ ያኔ ነው የተነፈሱት።

ታዲዮስ ደብረ ብርሃን የእህል መጋዘን ጠባቂ ሆኗል። በር ላይ ካፖርት ለብሶ ቆሞ አገኘነው። ፍቅሬን ሲያይ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ አለ፣ ሊመታው የመጣ መስሎት ነው።

"እንዴት ነህ፣ ታዲዮስ" አለ ፍቅሬ።

"ደህና" አለ፣ ከዛ ደሞ ዓይኑ የፍቅሬ ጣቶች ላይ ሄደ። "እጅህ ተሻለህ?"

ፍቅሬ ይሄን ሲሰማ እጁን ኪሱ ከተተ። ጋሽ ጫኔ ናቸው ወደ ፊት የወጡት። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እዛ ሜዳ ላይ የተናገሩትን አንድም ሳይቀንሱ ተናገሩ። ናፍጣውን፣ ባናውን፣ ቸኮላቸውን፣ አምስት የሆኑትን ጨርቆች፣ ዝም ያሉበትን ሰባት ዓመት። እኔ ማረም አላስፈለገኝም።

ታዲዮስ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። አንድ መኪና እህል ጭኖ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ፣ ተነስቶ በሩን ከፈተለት፣ መዝግቦ አስገባው፣ ተመልሶ መጥቶ እዛው ቦታ ተቀመጠ።

"እኔ አምኜ ነበር" አለ። "እኔ እንኳን አላደረግኩም አላልኩም፣ ታስታውሳላችሁ? ያላልኩት አምኜ ስለነበር ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ሽቦ በሐሳቤ ስፈታው ስገጥመው ነው የኖርኩት። የቱን ሳላጠብቅ ቀረሁ፣ የቱን ቴፕ ሳልጠቀልል ቀረሁ እያልኩ። ከዛ ወዲህ መኪና ላይ እጄን አሳርፌ አላውቅም። የቤቴን አምፖል እንኳን ሰው ነው የሚቀይርልኝ።"

ጋሽ ጫኔ ጉልበቱ ላይ ሊወድቁ ሲሉ ያዛቸው። "ጋሼ፣ ተዉ። እኔ ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ፣ እሱ ቀላሉ ነው። እናቴ ግን መኪና አቃጣይ ወለድሽ እየተባለች ነው የሞተችው። የተባለችው እዛ ሜዳ ላይ ነው። እዛው ይናገሩላት። ሹፌሩ ሁሉ ባለበት፣ በገበያ ቀን።"

"እናገራለሁ" አሉ ጋሽ ጫኔ።

ፍቅሬና ታዲዮስ ተቃቀፉ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልተቃቀፉም። ፍቅሬ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠ፣ በቃ። እኔና ጋሽ ጫኔ መኪናው ውስጥ ሆነን ጠበቅናቸው፣ ከሩቅ ሲያወሩ አይተናል፣ ምን እንዳሉ ግን አላውቅም፣ ጠይቄም አላውቅም።

በገበያው ቀን ጋሽ ጫኔ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሜዳው መሃል ጀሪካናቸው ላይ ቆሙ። ምንይሉ፣ "ጋሼ ዛሬ ስብከት ጀመሩ" ብሎ ሊያስቅ ነበር፣ የመጀመሪያውን ቃል ሲሰማ ግን ቀልዱን ተወው። "መኪናውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፣ ታዲዮስ ንጹሕ ነው፣ እናቱም ንጹሕ እንደወለደች ሞታለች" አሉ። ከዛ ወርደው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አሁን ሁሉም አጨበጨበላቸው አልላችሁም። ሁለት ሳምንት ያህል አንድም መኪና አልመጣላቸውም። "ሰባት ዓመት የደበቀ ሰው ዛሬስ ምን ይደብቃል" ያሉ አሉ። "ሌላ ሰው ቢሆን ይዞት ይቀበር ነበር" ያሉም አሉ። ሁለቱም እውነት ይመስለኛል። መጀመሪያ ተመልሶ የመጣው ምንይሉ ነው፣ ምንም አልቀለደም፣ ጨርቁን አብሯቸው ቆጠረ።

ታዲዮስ አንድ ጊዜ መጥቷል። ፍቅሬ ነው ያመጣው፣ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ሄደው እናቱ መቃብር ላይ ጸሎት አስደረጉና ተመለሱ። በሱቄ በር ሲያልፉ ወጥቼ ሰላም አልኩት። እኔም ስሙን በክፉ ካነሱት አንዷ እንደነበርኩ ነገርኩት፣ ሳልነግረው ብቀር ይሻል ነበር ይሆን እያልኩ። "አንቺ ልጅ ነበርሽ" አለኝ። ወደ ሞላሌ ተመልሶ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኩት። ወደ ሜዳው አየ፣ አንድ ፒክአፕ ኮፈኑ ተከፍቶ ቆሟል። "እጄ አልለመደም" አለ። ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት ግን አልነገረኝም።

እኔ ከዛ ወዲህ አንድ ነገር እያሰብኩ ነው የምውለው። ጋሽ ጫኔ አንድ ቁራጭ ጨርቅ ረሱ፣ እሱ ስህተት ነው፣ ማንም ይረሳል። ግን በሦስተኛው ቀን ሊናገሩ ሲሉ እኛ ሁላችንም ሌላ ስም እየጠራን ስለነበር አይደል መናገሩ የከበዳቸው? እኛ ዝም ብንል ኖሮ እሳቸው ይናገሩ ነበር ይሆን?

እናንተ ሰፈርስ፣ ባላጠፋው ነገር ስሙ የጠፋ ሰው አለ? እውነቱ በማን ወጣ፣ ወይስ እስካሁን አልወጣም? ጻፉልኝ፣ አንድ በአንድ አነባቸዋለሁ።